ትንቢትና ዙፋን፦ ፍካሬ ኢየሱስ በአፄ ቴዎድሮስ አነጋገሥ ውስጥ ያለው ስፍራ

የወደፊቱን አስቀድሞ የመናገር ልማድ በአገራችን ብዙ መልክና ብዙ ስም አለው። ሞራ የሚገልጥ አለ፤ ጠጠር የሚጥል አለ፤ ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ አለ፤ በዛር አፍ የሚናገር ቃልቻ አለ። በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ግን እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ «ጥንቆላ» በሚለው አንድ ቃል ተጠቅልለው፣ ለሥነ ሰብእ ባለሙያዎች ተትተው ይታለፋሉ። ይህ አያያዝ ጉዳት አለው። ከእነዚህ ልማዶች አንዳንዶቹ በጽሑፍ ላይ የቆሙ ናቸውና፤ ቢያንስ አንደኛው ጽሑፍ ደግሞ የአንድን ንጉሥ ስም አውጥቷል።

በመጀመሪያ በጽሑፍ ላይ የቆመውን ጥንቆላ በአጭሩ እንመልከት። ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ የሚጠቀም ኮከብ ቆጣሪ የጠያቂውንና የእናቱን ስም ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ስላለው ስሞቹን ወደ ቁጥር ለውጦ ይደምራል፤ ድምሩን ለ12 ይገድፋል፤ የቀረው የሰውየውን ኮከብ ያመለክታል። የከዋክብቱ ስሞች ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ዐቅራብ፣ ሑት እያሉ የሚሄዱ ሲሆኑ ምንጫቸው ዐረብኛ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር በሚኖር ደብተራ እጅ የተገኘው ዕውቀት ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ አሠራር ዕጣን የሚወስነው ስም ነው።

ነገሥታቱ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት በበጎ ዐይን አላዩትም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የገዙት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠንቋይና በባዕድ አምልኮ ላይ ያደረጉት ዘመቻ በዜና መዋዕላቸው ተመዝግቧል። ሕዝቡ ሰይጣንን፣ ደስክንና ዲኖን መካዱን በአካሉ ላይ እንዲያስጽፍ ታዘዘ። ደስክንና ዲኖን አምልካችኋል ተብለው ከተቀጡት መካከል የንጉሡ የገዛ ልጆች ይገኙበታል። ምክንያቱን በሃይማኖት ቅንዓት ብቻ መግለጥ በእኔ አመለካከት በቂ አይደለም። ነገ የሚሆነውን ዐውቃለሁ የሚል ሰው ነገ ማን እንደሚነግሥም ዐውቃለሁ ማለቱ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ ለማንኛውም ዙፋን አስጊ ነው።

ፍካሬ ኢየሱስ ከጠንቋዩ መጽሐፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የግእዝ ድርሳን ነው፤ ተናጋሪው ክርስቶስ፣ አድማጮቹ ሐዋርያት ናቸው፤ ስለዚህም ማንም ባለሥልጣን በቀላሉ «ጥንቆላ ነው» ብሎ ሊያወግዘው አይችልም። በመጨረሻው ዘመን ስለሚመጣው ግፍ፣ ረኀብና ጦርነት ከዘረዘረ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሰላምን እንደሚያመጣ ይናገራል። ይህ ተስፋ በ1406 ዓ.ም. አካባቢ ነግሠው ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ካለፉት ከቀዳማዊ ቴዎድሮስ መታሰቢያ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እኚሁ ንጉሥ ተነሥተው ሺህ ዓመት በሰላም ይገዛሉ የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ እንዳለ ጽፏል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር የሚነግሠው ሁሉ ስመ መንግሥት አለው፤ ሥልጣን የለውም።

የቋራው ካሳ ኃይሉ ከዚህ ቀጥለው መጡ። በልጅነታቸው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ፊደል ቆጥረዋልና የቤተ ክርስቲያን ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይሆንባቸውም። ራስ ዓሊን በ1845 ዓ.ም. በአይሻል፣ ደጃዝማች ውቤን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ አሸነፉ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑ፤ ስማቸውም ቴዎድሮስ ተባለ።

ለምን ይህን ስም መረጡ? እንደ ዳዊት ወይም እንደ ያዕቆብ ያለ የቀደምት ነገሥታት ስም ቢይዙ ኖሮ የሚከተለው ጥያቄ የዘር ሐረግ ነበር፤ የካሳ ሐረግ ደግሞ ተቀናቃኞቻቸው በቀላሉ የሚቀበሉት አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ ግን የትውልድ ቆጠራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስሙንና ዘመኑን ነው። ዘመኑ ትንቢቱ እንደሚለው የግፍና የጦርነት ዘመን ነበር፤ ስሙ ደግሞ በእጅ ነበር። ልብ ማለት የሚገባን፣ ትንቢቱ ከምሥራቅ ይላል፤ ቋራ የምትገኘው በምዕራብ ጠረፍ ነው። አንባቢው አቅጣጫውን ዘልሎ ስሙን ያዘ! የትንቢት ጽሑፍ አነባበብ እንዲህ ነው፤ የሚገጥመው ይወሰዳል፣ የማይገጥመው በዝምታ ይታለፋል። የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ተናገሩት እየተባለ በሚነገረው የቃል ግጥምም ይኸው ይታያል። ተመራማሪው እያንዳንዱ ስንኝ ከሁነቱ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ ተጨመረ ብሎ መጠየቅ አለበት።

አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ትንቢቱን አምነውበት ነበር ወይስ ተገለገሉበት የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እኔ ሁለቱን መለየት አስፈላጊ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው አንድን ቅዱስ ጽሑፍ ሳያምንበት ሊገለገልበት ይችላል ብሎ ማሰብ የእኛን ዘመን ልቡና ለእርሳቸው ማልበስ ነው።

በተስፋ የተጠበቀው ሰላም አልመጣም። መሳፍንቱ ዐመፁ፤ ቅጣቱ ከረረ፤ ከካህናቱ ጋር የነበረው ጠብ በቤተ ክርስቲያን መሬት ምክንያት በረታ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሆኖም ትንቢቱ ከንጉሡ ጋር አልሞተም። የተጠበቀው ቴዎድሮስ እኚህ አልነበሩም፣ ገና ይመጣል የሚል አንባቢ በየዘመኑ ተገኝቷል፤ ዛሬም አለ። ከመቅደላ በኋላ ግን ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክና ሌሎችም ሲነግሡ ያንን ስም ስመ መንግሥት አድርጎ የወሰደ አንድም ሰው የለም።