ቆመው የሚሄዱት ስንት ናቸው? የሎስ አንጀለስ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሙግት

በጁላይ 1994 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የትራንስፖርት ባለሥልጣን፣ በአጭሩ ኤምቲኤ፣ ቦርድ ሁለት ውሳኔዎች አሳለፈ። አንደኛው የአውቶቡስ ዋጋ ከ1.10 ዶላር ወደ 1.35 ከፍ እንዲል፣ 42 ዶላር ይሸጥ የነበረው የወር ቲኬትም ጨርሶ እንዲቀር የሚያዝ ነበር። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት የበጀት ጉድለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ፓሳዴና ለሚዘረጋው የባቡር መስመር 123 ሚሊዮን ዶላር የሚመድብ ነበር።

የወር ቲኬቱ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቀላል ሂሳብ ይበቃል። በወር 25 ቀን ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ አውቶቡስ ብቻ ቢይዝ እንኳ፣ በአዲሱ ዋጋ 67.50 ዶላር ይከፍላል። ከተማው ግን በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት አልነበረም። ከደቡብ ሎስ አንጀለስ ተነስታ በምዕራቡ ሰፈር የሰው ቤት ለምታጸዳ ሴት ሁለትና ሦስት መስመር መቀያየር የዘወትር ኑሮ ነበር። ልጆቿም ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአውቶቡስ ከሆነ ጭማሪው በአንድ ሰው ላይ አይቆምም።

ችግሩ በ1994 የተፈጠረ አልነበረም። በ1965 በዋትስ ሰፈር ሁከት ከተነሳ በኋላ መንስኤውን እንዲያጣራ የተሰየመው የማኮን ኮሚሽን፣ የሰፈሩ ሰው ሥራ እንዳያገኝ ካገዱት ነገሮች አንዱ ደካማና ውድ የሆነው የሕዝብ ማመላለሻ መሆኑን በዚያው ዓመት መጨረሻ በሪፖርቱ ጽፏል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የካውንቲው መራጮች ለትራንስፖርት የሚውል ግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ አጸደቁ። ከታክሱ ገቢ ከፊሉ ከ1982 እስከ 1985 ለሦስት ዓመት የአውቶቡስ ዋጋ መደጎሚያ ሆነ፤ 85 ሳንቲም የነበረው ጉዞ ወደ 50 ሳንቲም ወረደ። ውጤቱ በመዝገብ ላይ አለ። በዓመት 354 ሚሊዮን የነበረው የተሳፋሪ ቁጥር ወደ 497 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። የድጎማው ጊዜ ሲያልቅ ዋጋው ወደ 85 ሳንቲም ተመለሰ፣ በ1988 ወደ 1.10 ዶላር አደገ፣ ተሳፋሪውም ቀነሰ። «የሎስ አንጀለስ ሰው መኪናውን ትቶ አውቶቡስ አይሳፈርም» የሚለው የተለመደ አባባል ከዚህ አኃዝ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አላውቅም። ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ የገፋው ዋጋው ነው።

ገንዘቡ ወደ ባቡር አመራ። በጁላይ 1990 ከመሀል ከተማ ወደ ሎንግ ቢች የሚሄደው ሰማያዊው ቀላል ባቡር በ877 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ተከፈተ። በጃንዋሪ 1993 የቀዩ የምድር ውስጥ ባቡር የመጀመሪያ ክፍል ሥራ ጀመረ፤ ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወጪው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አውቶቡሶቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትና ባቡሩን የሚያቅደው ኮሚሽን ተዋህደው ኤምቲኤ የተባሉትም በዚሁ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡሱም የባቡሩም ገንዘብ በአንድ ቦርድ እጅ ገባ።

በሌላ ወገን ኤሪክ ማን የሚባል የቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በቫን ናይስ የሚገኘው የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ እንዳይዘጋ ሠራተኛውንና የአካባቢውን ሕዝብ አስተባብሮ ዓመታት ታግሏል። በ1989 ከዚያ ትግል የተገኘውን ልምድ ይዞ «የሠራተኛና የማኅበረሰብ ስትራቴጂ ማዕከል» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ኅብረት ከማዕከሉ የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማው ከ1992ቱ ሁከት ገና ባላገገመበት ጊዜ ነው። ቢሮው በዊልሻየርና በዌስተርን መንገዶች መገናኛ ባለው በዊልተርን ሕንፃ ነበር። አባላቱ ግን የተመለመሉት ቢሮ ውስጥ አይደለም። ቀስቃሾቹ አውቶቡስ ላይ ወጥተው፣ ወረቀት እያደሉ፣ ከተሳፋሪው ጋር በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በኮሪያኛ እየተነጋገሩ ነበር የሚያሰባስቡት። ስብሰባውም በእነዚሁ ቋንቋዎች እየተተረጎመ ይካሄድ ነበር። በዚያ ከተማ ጥቁሩን፣ ላቲኖውንና ኮሪያዊውን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በ1992 የተቃጠሉት ሱቆች የማን እንደነበሩ ሁሉም ያስታውስ ነበር።

አዲሱ ዋጋ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1994 ሊጀምር ነበር። በዋዜማው የጥቁር አሜሪካውያንን መብት በፍርድ ቤት በማስከበር የሚታወቀው የኤንኤኤሲፒ የሕግ መከላከያ ፈንድ ለተሳፋሪዎቹ ጠበቃ ቆሞ በፌደራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ከጠበቆቹ መካከል ኮንስታንስ ራይስና ቢል ላን ሊ ይገኙበታል። ከሳሾቹ ማዕከሉ፣ ኅብረቱ፣ የኮሪያ ስደተኛ ሠራተኞች ተሟጋች ድርጅትና የደቡብ ክርስቲያናዊ አመራር ጉባኤ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ሲሆኑ፣ የሚወክሉትም 350,000 ያህል የአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው ተባለ። የክሱ ዋና ምሰሶ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛ ክፍል ነበር፤ ይህ ሕግ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ዳኛ ቴሪ ሃተር ጭማሪው እንዳይጀምር በማግስቱ አገዱ።

ከሳሾቹ ያቀረቡት ማስረጃ ባብዛኛው የኤምቲኤ የራሱ አኃዝ ነበር። ከመቶው ተሳፋሪ 94ቱ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ከገንዘቡ ግን 70 በመቶው ለባቡር ይውላል። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ከ80 በመቶ በላይ ነጭ ያልሆነ ነው። ለአንድ የአውቶቡስ ጉዞ የሚሰጠው ድጎማ 1.17 ዶላር ሲሆን፣ የከተማ ዳርቻ ነዋሪዎችን በሚያመላልሰው በሜትሮሊንክ ባቡር ለአንድ ጉዞ 21.02 ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ ለኤምቲኤም ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሰማያዊው ባቡር የሚያልፈው በዋትስና በኮምፕተን ነው፤ ከሚሳፈሩበት አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ። ስለዚህ «ባቡር የነጭ፣ አውቶቡስ የጥቁር» የሚለው መፈክር ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። የክሱ ጥንካሬ ያለው በመፈክሩ ሳይሆን በክፍፍሉ ነው። ለብዙኃኑ የሚደርሰው ድርሻና ለጥቂቶች የሚደርሰው ድርሻ እንዲህ ሲራራቅ፣ ማስረዳት የሚገባው የከፋፈለው አካል ነው።

በ1995 መጀመሪያ በጊዜያዊ ስምምነት የአንድ ጉዞ ዋጋ 1.35 ሆነ፤ የወር ቲኬቱ ግን በ49 ዶላር እንዲቀጥል ተደረገ። ሙሉው ክርክር ሊሰማ ሲቃረብ፣ በኦክቶበር 1996፣ ሁለቱ ወገኖች ያደረጉት ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ። የወር ቲኬቱ ወደ 42 ዶላር ተመለሰ። ባለ 11 ዶላር የሳምንት ቲኬት ተጀመረ፤ በአንድ ጊዜ 42 ዶላር ማውጣት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተጨማሪ አውቶቡሶችና ወደ ሥራ ቦታዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች የሚሄዱ አዳዲስ መስመሮችም ተካተቱበት። ስምምነቱ ለ10 ዓመት እንዲጸና ተወሰነ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ዶናልድ ብሊስ የሚባል ልዩ ዳኛም ተሾመ።

የሰነዱ ልብ ግን መጨናነቅን የሚመለከተው ክፍል ነው። «አገልግሎቱ ይሻሻላል» በሚል ቃል አልተወሰነም። 43 መቀመጫ ባለው አውቶቡስ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ቆመው የሚሄዱት በአማካይ በ1997 መጨረሻ ከ15፣ በ2000 አጋማሽ ከ11፣ በ2002 አጋማሽ ከ8 መብለጥ የለባቸውም ይላል። ልኩ በቀን አማካይ እንዳይድበሰበስም እጅግ በሚጨናነቀው 20 ደቂቃ ውስጥ እንዲወሰድ ተደነገገ። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፦ ባለሥልጣኑ ግቡን ካልመታ ከሌሎች ፕሮግራሞች ገንዘብ አዛውሮ ግቡን ሊመታ ይገደዳል። የኤምቲኤ ኃላፊዎች ይህን ሲፈርሙ ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው በቅጡ የገመቱ አይመስለኝም። ኋላ የተከራከሩትን ላነበበ ሰው ይህ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ቀነ ገደብ አለፈ፤ ግቡ አልተመታም። በ1998 ኅብረቱ «መቀመጫ ከሌለ ክፍያ የለም» የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ አባላቱ በተጨናነቀ አውቶቡስ ላይ ወጥተው ዋጋ አንከፍልም አሉ። በዚሁ ጊዜ የባቡሩም ዕቅድ እየተንገዳገደ ነበር። በ1995 በሆሊውድ ጎዳና ከዋሻው ቁፋሮ በላይ መሬቱ ተደርምሶ ነበር፤ በኖቬምበር 1998 ደግሞ መራጮች የሽያጭ ታክሱ ለአዲስ የምድር ውስጥ ባቡር እንዳይውል ከለከሉ።

በማርች 1999 ልዩ ዳኛው ብሊስ ኤምቲኤ 532 አውቶቡሶች እንዲገዛ አዘዙ። ባለሥልጣኑ ተቃወመ፤ ዳኛ ሃተር በሴፕቴምበር ቁጥሩን ወደ 248 አውርደው ትዕዛዙን አጸኑ። ቦርዱ ይግባኝ አለ። የይግባኙ ፍሬ ነገር «የገባነው ግዴታ የተቻለንን ያህል ለመጣር እንጂ ግቡን ለመምታት አይደለም፤ የፌደራል ፍርድ ቤትም የአካባቢ መንግሥትን በጀት ሊያዝ አይገባም» የሚል ነበር። በኦገስት 2001 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ቆመ፦ ኤምቲኤ የተጻፈውን ፈርሟል፣ የፈረመውን ይፈጽም። በማርች 2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም።

በእነዚያ ዓመታት ኤምቲኤ አሮጌ የናፍጣ አውቶቡሶቹን በተፈጥሮ ጋዝ በሚሄዱ አዳዲስ አውቶቡሶች እየተካ ሄደ። በ2000 ጥቂት ፌርማታ ብቻ ያላቸው ፈጣን መስመሮች ጀመሩ። ይህ ሁሉ የኅብረቱ ሥራ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የጋዝ አውቶቡሶቹ ዕቅድ ቀደም ብሎም ነበር። ሆኖም ለግዢው ቀንና ቁጥር ያስቆረጠው ያ ስምምነት መሆኑን የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያሳያል።

ኤምቲኤ በይግባኝ ላይ ሳለ ሌላ ነገር ተከሰተ። በኤፕሪል 2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሌክሳንደርና በሳንዶቫል ጉዳይ፣ የአንድ ፖሊሲ ውጤት አድሏዊ መሆኑን ብቻ ይዞ በ6ኛው ክፍል ደንቦች መሠረት ግለሰቦች ክስ ማቅረብ እንደማይችሉ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በሌላ ከተማ ያሉ ተሳፋሪዎች ባለሥልጣኑ ሆን ብሎ ማድላቱን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ይህን ደግሞ በአኃዝ ብቻ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። የሎስ አንጀለሶቹ ስምምነት የዳነው ቀድሞ ስለ ተፈረመ ነው።

የ10 ዓመቱ ጊዜ በኦክቶበር 2006 አለቀ። ኅብረቱ ግቦቹ በጊዜያቸው ስላልተፈጸሙ ስምምነቱ ይራዘም ብሎ አመለከተ። ከ12 ዓመት በፊት ጭማሪውን ያገዱት ዳኛ ሃተር ግን ባለሥልጣኑ በዋናዎቹ ጉዳዮች ስምምነቱን ፈጽሟል ብለው ማመልከቻውን አልተቀበሉም። በሜይ 2007፣ ብዙ ተሳፋሪዎች ተሰልፈው እየተቃወሙ ቦርዱ የዋጋ ጭማሪ አጸደቀ፤ የቀን ቲኬት ከ3 ዶላር ወደ 5፣ በመሀሉ 52 ዶላር ደርሶ የነበረው የወር ቲኬት ደግሞ ወደ 62 ወጣ። በዚህ ጊዜ ጭማሪውን የሚያግድ ስምምነት አልነበረም።