ኤ ነምበርና የታሰሩት መዝገብ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ሰው በኢሚግሬሽን ሲያዝ ቤተሰቡ ይደውልልኛል። «እትዬ፣ ወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት አናውቅም» ይሉኛል። እኔም አስቀድሜ መንግሥት ለውጭ አገር ዜጋ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ኤ ነምበሩን፣ እጠይቃለሁ።

ይህ ቁጥር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የውጭ አገር ዜጎችን የሚያስመዘግብ ሕግ ፈረሙ። ዕድሜው 14 የሞላ፣ አሜሪካዊ ያልሆነ ሁሉ ፖስታ ቤት ሄዶ አሻራ ሰጠ፤ አምስት ሚሊዮን የሚያህል ሰው ተመዘገበ። ከ1944 ጀምሮ በየቁጥሩ ፋይል ይከፈት ጀመር። መንግሥት እንግዳውን ማግኛ መንገዱን ያኔ አበጀ። ቤተሰብ የታሰረበትን ሰው በኢንተርኔት የሚፈልግበት መዝገብ ግን የተከፈተው በ2010 ነው።

በመካከሉ እስሩ በጣም ሰፋ። በ1996 የወጣ የኢሚግሬሽን ሕግ ብዙዎች ያለ ዋስ እንዲታሰሩ አደረገ፤ መንግሥትም ከየካውንቲው እስር ቤት አልጋ ይከራይ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1999 እስከ 2008 እስረኞች ከቦታ ቦታ የተዛወሩት 1.4 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ከቨርጂኒያ የተያዘ ሰው ቴክሳስ ወይም ሉዊዚያና ሊገኝ ይችላል። በዚያ ዘመን ሚስት ወይም እናት በየእስር ቤቱ ስልክ እየደወለች ስሙን ፊደል በፊደል ታስጽፍ ነበር።

በ2010 የተከፈተው የአይስ (ሰዎችን የሚይዘው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) መዝገብ በኤ ነምበርና በትውልድ አገር ይፈለጋል። ቁጥሩ ከሌለ በስም ይሞከራል፤ የእኛ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ እንዳለው ሆኖ መግባት አለበት፤ ኃይለማርያም ግን ባንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ነው። ፀሐይ አንዴ በ«ቲ»፣ አንዴ በ«ኤስ» ትጀምራለች። አንዴ የአባት ስም፣ አንዴ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ከ1993 በፊት አስመራ የተወለደ ሰው ደግሞ ወረቀቱ «ኢትዮጵያ» ይበል «ኤርትራ» ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚህ መዝገብ ጨርሶ አይገኝም።

አንድን ሰው ከመፈለግ አልፎ «ስንት ሰው ታሰረ? የት? ምን ደረሰበት?» ብሎ መጠየቅ የተቻለው ግን ባልታሰበ መንገድ ነው፤ ነገሩ የጀመረው ከግብር ነው። የስታትስቲክስ ባለሙያዋ ሱዛን ሎንግና ባለቤታቸው ፊሊፕ በ1966 በወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ የግብር መሥሪያ ቤቱን መዝገብ ጠየቁ፤ ሲከለከሉም ከሰሱ። በ1979 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኮምፒውተር ቴፕ ላይ ያለ መረጃም በሕጉ እንደ ሰነድ እንደሚቆጠር ወሰነ። እኔ ይህን ውሳኔ ከብዙ የኢሚግሬሽን ሕግ አስበልጠዋለሁ፤ ዛሬ እስረኞችን የምንቆጥርበት ሰንጠረዥ ሁሉ የመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነውና።

በ1989 ሱዛን ሎንግ ከጋዜጠኛው ዴቪድ በርንሃም ጋር በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ትራክ የተባለውን የመረጃ ማዕከል አቋቋሙ። በርንሃም በ1970 የኒውዮርክ ፖሊስን ሙስና በኒውዮርክ ታይምስ ያጋለጡ ሰው ነበሩ። ትራክ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶችን መዝገብ እየጠየቀ፣ እምቢ ሲባልም እየከሰሰ ለሕዝብ ያወጣል። አይስ ራሱ የእስረኞችን ቁጥር በየጊዜው የሚያወጣው ኮንግረሱ በበጀት ሕግ ስላስገደደው ነው። በ2025 ደግሞ በበርክሌይ የሕግ ትምህርት ቤት ያለ የተመራማሪዎች ቡድን እያንዳንዱን እስር በየመስመሩ የሚያሳይ ፋይል በነፃ አቀረበ፤ ስም የለበትም፤ ዜግነቱ፣ የታሰረበት ቀንና ቦታ ግን አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የታሳሪው ቁጥር ከ65 ሺህ በላይ ነበር።

የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም ጭምር፣ ይህን ፋይል ከፍቶ የሚያነብ አንድ ወጣት ቢመድቡ እወዳለሁ። የወገኖቻችን መስመር እዚያ ውስጥ አለ፤ እኛ ካልቆጠርነው ማንም ለይቶ አይቆጥርልንም።

እናንተም ዛሬ ይህን አድርጉ። በግሪን ካርዳችሁ ወይም በሥራ ፈቃዳችሁ ላይ «ዩኤስሲአይኤስ ነምበር» የሚለው ያው ኤ ነምበራችሁ ነው። እሱንና ስማችሁን ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ገልብጡና ለምታምኑት ሰው ስጡ።