መሬት የሌለው ቤት፦ የኮንቴይነር ታሪክ ከወደብ እስከ ቃሊቲ

ቃሊቲ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ወኅኒ ቤቱ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎችና ጋዜጠኞች የታሰሩበት በመሆኑ፣ ስሙ የሰፈር መጠሪያ ከመሆን አልፎ የፖለቲካ ቃል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን ሌላውን የቃሊቲ ብረት፣ ኮንቴይነሩን ነው። ከጉምሩክ አጥር ውጭ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በጋራዡና በግንባታው ቦታ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የብረት ሣጥን ሱቅ፣ ቢሮ፣ መጋዘን፣ ወይም የዘበኛ ማደሪያ ሆኖ ይታያል። በሌላው ዓለም ይኸው ሣጥን አካባቢን የማይጎዳ «ዘላቂ ቤት» እየተባለ ይወደሳል፤ ወሬውም እኛ ዘንድ ደርሷል። እንግዲህ ኮንቴይነር ማደሪያ ይሆናል ወይ ብለን አንጠይቅም፤ ሆኗልና። መጠየቅ ያለብን ለምን እንደ ሆነ ነው።

ሣጥኑ እንዴት መጣ?

አቃቂ ከባሕር ጋር የተዋወቀችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከባሕር ማዶ የምታስመጣው ዕቃ በዚህ በደቡብ በር በኩል ይገባ ጀመር። ፋብሪካዎቹም ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው በአቃቂ ሰፈሩ። ያን ጊዜ ግን ዕቃው የሚጫነውም የሚራገፈውም በሰው ትከሻ ነበር፤ ጆንያ በጆንያ፣ በርሜል በበርሜል።

ይህን የለወጠው ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956፣ «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከቡ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች። ከ12 ዓመት በኋላ የሣጥኑ መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወሰነ፤ አንዱ ሣጥን በመርከብ፣ በባቡርና በጭነት መኪና ሳይከፈት የሚተላለፍበት ዘመን ተከፈተ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የገቢ ዕቃችን ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በኩል መጣ። ዕቃው በጭነት መኪና እየተጓጓዘ በሞጆና በቃሊቲ ይራገፋል። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመርም የጭነት ጣቢያውን ያደረገው ከአቃቂ ብዙም በማይርቀው በእንዶዴ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልብ በሉ፤ በ2008 የበጀት ዓመት ሀገራችን ያስገባችው ዕቃ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ወደ ውጭ የላከችው 3 ቢሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ሣጥኑ ሞልቶ ይመጣል፤ አብዛኛውም ባዶውን ይመለሳል። ከአገልግሎት የወጣው ወይም እዚሁ የተሸጠው ደግሞ ቀርቶ ሱቅና ማደሪያ ይሆናል። በመንገድ ዳር የምናየው ሣጥን የንግድ ጉድለታችን ማስታወሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጨረቃ ቤት ወደ ብረት ቤት

አንዳንዶች ኮንቴይነር ባዕድ ነገር ነው ይላሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። የአዲስ አበባ «ባህላዊ» ቤት ምንድን ነው? ጭቃ፣ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ ቆርቆሮውም እንዲሁ የባሕር ማዶ ዕቃ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ እንግዶች ሳሉ ዛሬ ማንም ባዕድ አይላቸውም። ቁሳቁስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይለመዳል።

ሳይፈታ የቆየው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ደርግ ወድቆ መንግሥት ሲለወጥም፣ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ አለ። የሊዝ አዋጁም በ1986፣ በ1994ና በ2004 እየታደሰ ወጣ። ጨረታው ላይ የማይደርስ ሰው በሌሊት የጨረቃ ቤት ይሠራል፤ በማግሥቱም አፍራሽ ግብረ ኃይል ይመጣበታል። የፈረሰ ጭቃ ደግሞ እንደ ገና ቤት አይሆንም።

ኮንቴይነሩ ለዚህ ችግር የተገኘ መልስ ነው። መሠረት የለውም፤ በክሬን ወርዶ በክሬን ይነሣል። በተከራየው ቦታ ላይ ነገ መኖሩን የማያውቅ ነጋዴ ግንብ አይገነባም፤ ሣጥን ያስቀምጣል። «ተነሥ» ሲባል ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በቃሊቲ ኮንቴይነርን ቤት ያደረገው ለአካባቢ መጨነቅ አይደለም፤ ከመነሣት ፍርሃት ነው።

ዘላቂ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐሳቡን ላጣጥል አልተነሣሁም። ዝግጁ ብረትን መልሶ መጠቀም መልካም ነው። ግን ልኩን እንወቅ። ባለ 20 ጫማው ሣጥን 6 ሜትር ገደማ ርዝመትና 2.4 ሜትር ገደማ ወርድ አለው፤ የውስጡ ስፋት 14 ካሬ ሜትር አይሞላም። ብረት ሙቀትንም ብርድንም ያሳልፋል፤ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የተኛው ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ክብደቱን የሚሸከሙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ ለመስኮት ብሎ ግድግዳውን የሚቆርጥ በብረት ማጠናከር አለበት። የእንጨት ወለሉም ለጉዞ ሲባል የተባይ መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ስለሚችል መቀየሩ ይመረጣል። ከሣጥኑ በላይ ነፋስ የሚያሳልፍ ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ ቢሠራለት፣ በውጭም የጭቃና የጭድ ግድግዳ ቢለብስ፣ የአያቶቻችን ጥበብ የብረቱን ጉድለት ይሸፍናል።

የአምስተርዳሙን «ኬትዎነን» ብዙዎች ይጠቅሱታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በተተከሉ 1,000 ያህል ኮንቴይነሮች ተማሪዎች ኖረዋል። እሱም ቢሆን ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነበር። ነገር ግን ነዋሪው የኪራይ ውል፣ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ነበረው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እዚያ ጊዜያዊ የሆነው ሣጥኑ ነው፣ እኛ ዘንድ ጊዜያዊ የሆነው የሰውዬው መብት ነው። በአማርኛችን «ዘላቂ» ማለት የሚዘልቅ፣ የሚቆይ ማለት ነው። ነዋሪው ነገ እንዳይነሣ ዋስትና የሌለውን ቤት፣ ከምንም ነገር ይሠራ፣ ዘላቂ ማለት ቃሉን መበደል ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣንም ሆነ ባለሙያ የኮንቴይነር ቤትን ሐሳብ ሲያነሣ፣ ከንድፉ በፊት የቦታ ይዞታውን ማረጋገጫ ያሳየን። የውሃውንና የፍሳሹን መስመር ያሳየን።

በመጨረሻም አንድ ነገር። የኮንቴይነር በር የተሠራው ከውጭ እንዲቆለፍ ነው፤ ለዕቃ ነዋ! በጎረቤታችን በኤርትራ ሰዎች በኮንቴይነር ውስጥ መታሰራቸውን ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ያው ሣጥን ነው። ቤት የሚያሰኘው ከውስጥ የሚቆለፍ በር ሲኖረውና ቁልፉ በነዋሪው እጅ ሲሆን ነው። ይህን ቃሊቲን ለሚያውቅ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም።