ሚጅ ዩርና የ1984ቱ ቅጂ

የ1977ቱ ረሀብ በብሪታንያ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ነው። በኢትዮጵያ ስም የተሸጠውን ዘፈን አቀናብሮ ያስቀረጸው ግን ስኮትላንዳዊው የሮክ ድምፃዊና ደራሲ ሚጅ ዩር ነበር። ገንዘቡን ያስገኘውም ሆነ አገራችንን በአንድ ሥዕል ውስጥ አስሮ ያቆየው ያው ቅጂ በመሆኑ፣ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩር በ1953 በግላስጎው አጠገብ በምትገኘው ካምበስላንግ ተወለደ። ስሙ ጄምስ፣ በአጭሩ ጂም ነበር፤ በባንዱ ውስጥ ሌላ ጂም ስለነበረ ስሙ ከኋላ ወደ ፊት ተነብቦ «ሚጅ» ተባለ። በ1976 ስሊክ ከተባለው ባንድ ጋር፣ ሌሎች በደረሱት ዘፈን፣ የብሪታንያን የሽያጭ ሰንጠረዥ መራ። የራሱን መንገድ ያገኘው ግን ከፐንክ በኋላ ሲንተሳይዘርን ከጊታር ጋር ባዋሐዱት በቪሴጅና በአልትራቮክስ ነው። የአልትራቮክስ «ቪየና» በ1981 ለአራት ሳምንታት በሁለተኛ ደረጃ ላይ ቆይቶ አንደኛ ሳይሆን ቀረ፤ ከቀደሙት አንዱ የጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን ነበር።

ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ሲተላለፍ፣ ጌልዶፍ ወደ ዩር ዘንድ የሄደው ስለዚህ ሙያው ነው። ዩር በቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቃውን በአብዛኛው በማሽን ሠርቶ በጥቂት ቀናት አደረሰው። የመክፈቻው የከበሮ ድምፅ ከቲርስ ፎር ፊርስ ቅጂ የተወሰደ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን፣ እሑድ፣ ትሬቨር ሆርን በለንደን የሚገኘውን ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ለ24 ሰዓት በነጻ ሰጠ፤ ድምፃውያኑ በየተራ ዘፈኑ፤ ፊል ኮሊንስ ከበሮ መታ። በዲሴምበር መጀመሪያ ዘፈኑ ገበያ ላይ ዋለ።

ፍጥነቱ ጉድለቱንም ይዞ መጣ። ከክርስትና ጋር ከአሥራ ስድስት ምዕተ ዓመት በላይ የኖረውን ሕዝብ ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ብሎ ይጠይቃል። ድርቁን ወደ እልቂት ያሸጋገሩት የሰሜኑ ጦርነትና የደርግ ፖሊሲ በግጥሙ ውስጥ የሉም፤ ረሀቡ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ይመስላል። ዩር በ2004 ባሳተመው ግለ ታሪኩ የዘፈኑ ዓላማ ገንዘብ ማስገኘት እንደነበረና ዘፈኑ ራሱ ሁለተኛ ነገር እንደሆነ ጽፏል። ቅንነቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሥራውን ጨርሶ ሲያልፍ ቃሉ በዓለም ጆሮ ቀርቷል።

ስለ ገንዘቡ ግን መናቅ አይገባም። ቅጂው በብሪታንያ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የታቸር መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክሱን አልተውም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ የሕዝቡ ቁጣ ሲበረታ ተመጣጣኙን ገንዘብ ለዕርዳታው ሰጠ። አብዛኞቹ የዕርዳታ ዘመቻዎች አንድ ጊዜ ሰብስበው ይበተናሉ። ይህኛው ግን በየዓመቱ ገና በደረሰ ቁጥር ገቢ የሚያመነጭ የቅጂ መብት ፈጠረ፤ ገቢውን የሚያስተዳድረው የባንድ ኤይድ ባለአደራ ድርጅት ሲሆን ዩርም ከባለአደራዎቹ አንዱ ነው። የእኛ ክርክር ብዙውን ጊዜ በግጥሙ ላይ ያተኩራል። ስማችንን ተሸክሞ የሚሸጠው ሀብት በማን እጅ እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ዩር ጁላይ 13 ቀን 1985 ከአልትራቮክስ ጋር በዌምብሌ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት በራሱ ስም ባወጣው «ኢፍ አይ ዎዝ» የብሪታንያን ሰንጠረዥ መራ። የኢትዮጵያው ዘፈን በ1989፣ በ2004 እና በ2014 እንደገና ተቀረጸ። በ2024 የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ድምፆች ያዋሐደ አዲስ ቅንብር ሲወጣ፣ ኤድ ሺራን በ2014 የሰጠው ድምፅ ፈቃዱ ሳይጠየቅ እንደገባና ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ በይፋ ተናገረ። ቅንብሩ ግን እንደታቀደው ወጣ።