የምዕራብ ጎጃም ዛፎችና ደኖች

የምዕራብ ጎጃም ዛፎችና ደኖች በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች የሚገኙ የተፈጥሮና የተከላ ደኖች እንዲሁም በእርሻ መካከል የቀሩ ዛፎች ናቸው። አብዛኛው መሬት ለእርሻ ስለዋለ የቀድሞው ደን ዛሬ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ በወንዝ ዳርና ለማረስ በማይመች ገደል ላይ ነው። የትኛው ዛፍ የት እንደሚበቅል፣ ምን ዓይነት ቅጠልና ግንድ እንደሚኖረውና በምን ፍጥነት እንደሚያድግ የሚወስኑት በዋነኛነት የቦታው ከፍታ፣ የዝናቡ ወቅት፣ አፈሩና የሰው እጅ ናቸው።

ከፍታ

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ወይና ደጋ ናቸው። ከእነርሱ በስተደቡብ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በስተሰሜን ደግሞ ወደ ሰከላና ወደ አመዳሚት ተራራ ይወጣል። ከፍታው በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ የዛፉ ዓይነት ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል።

በዓባይ ሸለቆ ቆላ አባሎ፣ ወይባና ሽመል ይበቅላሉ። በዚያ ረጅሙ ሣር በበጋ ደርቆ በየጊዜው እሳት ስለሚነሳበት ብዙዎቹ ዛፎች ወፍራም ቅርፊት አላቸው፤ ቅጠላቸውንም በደረቁ ወራት ያራግፋሉ። በወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ግራርና ወይራ ይበዛሉ፤ ከወንዝ ዳር ሾላና ዶቅማ አይጠፉም። ወደ ደጋው ሲወጣ ጽድ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ይተካሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ አስታ ይቀራል፤ እሱም ከፍ ባለ ቁጥር እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። በምሥራቅ በኩል ባለው የጮቄ ተራራ ጅብራ ከዚያም አልፎ ይበቅላል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ይህ የከፍታ ተጽዕኖ በጥናትም ታይቷል። ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በአጎራባቹ ደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግቧል። በደኖቹ መካከል ላለው የዝርያ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት ከፍታ ሆኖ ተገኝቷል።

ዝናብና እድገት

የአካባቢው ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ የቀረው ጊዜ ባመዛኙ ደረቅ ነው። ዛፎች ይህን ረጅም በጋ የሚያልፉበት መንገድ የተለያየ ነው። ብሳና ቅጠሉን ብርቱካናማ አድርጎ ይጥላል፤ ብርሃን ሲያገኝ ፈጥኖ ያድጋል፤ እንጨቱ ግን ቀላል ነው። ወይራ በተቃራኒው ትንንሽና ጠንካራ ቅጠሎቹን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግም እንጨቱ ከባድና ጽኑ ነው። የሞፈርና የከሰል እንጨት ፈላጊ ወይራን የሚመርጠው ለዚሁ ጥንካሬው ነው፤ በዚህም ምክንያት የተቆረጠውን የሚተካ ወይራ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ይወስዳል።

አፈር

ውኃ በሚያሳልፈው ቀይ አፈር ላይ ዋንዛና ብሳና በደንብ ይለመልማሉ። በክረምት ውኃ በሚያቁር ጥቁር መረሬ ላይ የብዙ ዛፎች ሥር አየር ስለሚያጣ ሣርና አልፎ አልፎ ግራር ብቻ ይታያል። አፈሩ በተሸረሸረበት ዳገት ያው ዝርያ አጥሮና ጠምዞ ያድጋል።

ዘርና መተካት

የአካባቢው ደን አንዴ ከተመነጠረ በራሱ የማይመለስበት ምክንያት ከአፈሩ ውስጥ ነው። ደምል ተከታይና አንደርሽ ግራንስትረም እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ደረቅ ደኖች ላይ ባተኮረ ጥናት፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የሚቆየው በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ሆኖ ተገኝቷል። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር ግን ወዲያው ይበቅላል ወይም ይሞታል። ስለዚህ መሬቱ ከእርሻ ቢያርፍም ዘር የሚያመጣለት በአቅራቢያ የቆመ እናት ዛፍና ፍሬውን በልተው የሚያሠራጩ ወፎች ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ደኖች ትልቁ ጥቅም በዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ቀበሌዎች ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ዘር የሚገኝባቸው እነርሱ ብቻ ናቸው። ሆኖም ትልልቅ ዛፎች መቆማቸው ብቻውን በቂ አይደለም። ከብት የሚገባበት ቅጥር ከላይ ደን ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ችግኝ የለውም። የድንጋይ ካብ የታጠረለት ደን የተሻለ ይተካል። የጽድ ችግኝ ብርሃን ስለሚፈልግ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር አይጸናም፤ ዝግባ ግን ጥላውን ይችላል። በአንዳንድ ደኖች ሽማግሌ ጽድ እያለ ወጣት ጽድ የማይታየው ለዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዋንዛ በበቆሎ ማሳ መካከል እስከ ዛሬ በብዛት የሚታየው ግን ከአዋጁ ይልቅ ለጣውላው፣ ለጥላውና ለንብ በሚሰጠው አበባ ምክንያት ይመስላል።

የተከላ ዛፎች

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥና ፈጥኖ ለአጠና ስለሚደርስ በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ዘንድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይታያል። አጠገቡ ያለ ሰብል በጥላውና በውኃ ሽሚያው ይጎዳል። በአጎራባቹ አዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር ከሰብል ጋር በማፈራረቅ ለከሰል ያመርታሉ። በቅርብ ዓመታት የዋግ በሽታ ገብቶ ይህን ዛፍ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ሰፊው ተከላ አንድ ዝርያ ብቻ መሆኑም በሽታው በቀላሉ እንዲዛመት አግዟል። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያ ካለ፣ በባሕር ዛፍ ተከላ ሥር እንኳ አገር በቀል ችግኞች ይበቅላሉ።