ያለ ወደብ ስንቅ፦ የ«ዜሮ አወር» ጨዋታ ከሞጆ ሲታይ



ባለፈው ሴሚስተር የወታደራዊ ታሪክ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎችን ይዘን ሞጆ ደረቅ ወደብን ልንጎበኝ ሄደን ነበር። ከበሩ ገብተን፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩትን ኮንቴይነሮችና በመካከላቸው የሚመላለሱትን የጭነት ማንሻዎች ስናይ፣ አንድ ተማሪ ሳያስበው «ሰፕላይ ዶክ!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ስለገባኝ ነው። በወጣትነቴ በጌም ቤት ወንበር ላይ ያሳለፍኳቸው ሰዓቶች፣ ለመምህር ሊናገሩት ከሚገባው በላይ ናቸው። ከአዳማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ግን ያ ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ፤ የዛሬው ንግግሬም ከእርሱ የተወለደ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር፦ ጄኔራልስ» የተባለው የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ በኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ አማካይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ነው። «ዜሮ አወር» የተባለው የማስፋፊያ ጥቅል ደግሞ በዚያው ዓመት በመስከረም፣ በእኛ አቆጣጠር 1996 ዓ.ም. እንደባተ ተከተለ። በሁለቱ መካከል አሜሪካ ኢራቅን ወረረች። ጨዋታው ሦስት ወገኖች አሉት፦ አሜሪካ፣ ቻይናና «ዓለም አቀፍ የነጻነት ሠራዊት» የተባለ ምናባዊ የሽምቅ ኃይል። ማስፋፊያው ለእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ጄኔራሎችን ጨመረ፤ አንዱ በአየር ኃይል፣ አንዱ በታንክ፣ አንዱ በኒውክሌር፣ አንዱ በመርዝ የተካነ። ተራ በተራ ማንም ሳይጠብቅ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት ያዝዛሉ፤ ዘግይቶ ያዘዘ ይሸነፋል።

የታሪክ ተማሪ ከዚህ ምን ያገኛል? እኔ እንደማየው ዋናው ነገር ያለው በመድፉና በአውሮፕላኑ ላይ ሳይሆን በስንቁ ላይ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ የሚፈልገው ጠላትን አይደለም፤ በካርታው ላይ ሳጥን የተከመረበትን ሥፍራ ነው። አሜሪካ በቺኑክ ሄሊኮፕተር ታስጭናለች፤ አንድ ምልልስ 600 ገንዘብ ያስገባል። ቻይና በጭነት መኪና 300 ታመጣለች። የሽምቅ ኃይሉ ግን በሰው ጀርባ፣ በአንድ ጊዜ 75 ብቻ ይሸከማል። ሠራተኛው ጫማ የለውም፤ ሲታዘዝም ጫማ ይለምናል። በማስፋፊያው ለእነዚህ ሠራተኞች ጫማ የሚገዛ ማሻሻያ ታከለ፤ ከተገዛ በኋላ ፈጥነው ይራመዳሉ። ሠሪዎቹ ይህን ለቀልድ እንዳስገቡት ግልጽ ነው። እኔ ግን በዚህ ቀልድ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። የሦስት ዓይነት መንግሥታትን ልዩነት በጭነት መጠን መግለጽ የጥሩ ታሪክ ጸሐፊ ዓይን ነውና።

ጉድለቱስ? ያ ሳጥን የተከመረበት ሥፍራ ከየት እንደመጣ ጨዋታው አይናገርም። እዚያው አለ። ማን አመጣው፣ በየትኛው ወደብ ገባ፣ ቀረጡን ማን ከፈለ፣ መንገዱ ሲዘጋ ምን ይሆናል፣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሜሪካ ተጨማሪ ስንቅ ስትፈልግ የጭነት አውሮፕላን ከካርታው ጠርዝ ውጭ ብቅ ይላል፤ ሳጥኖቹን በጃንጥላ ጥሎ በሌላው ጠርዝ ይሰወራል። ከጠርዙ ውጭ ያለው ዓለም ወጪም አደጋም የለበትም። ጨዋታው የተሠራው ባሕሩ ከደጁ ላይ ባለ፣ ስንቁ ይደርስ እንደሆነ ተጨንቆ በማያውቅ አገር ነው፤ ሳያስበውም ያንን አገር ሆኖ ጦርነትን ያስባል።

የእኛ ታሪክ በአብዛኛው የተሠራው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። «ስንቅና ትጥቅ» ስንል ስንቁን የምናስቀድመው ለቃሉ ማማር ብቻ አይመስለኝም። በ1888 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ዓድዋ ላይ ሲሰፍር፣ በሶውና ድርቆሹ እያለቀ፣ አገሬውም ተጨማሪ የሚያቀርበው እያጣ ነበር። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦርም እንዲሁ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ስንቅ ነበረው። የካቲት 23 ውጊያው የተደረገበት አንዱ ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ብዙ መቆየት አለመቻላቸው ነው። ከዚያ በፊት መቀሌ ላይ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ የውሃ ምንጭ ተያዘ፤ ጣሊያኖቹንም ያስለቀቃቸው ጥሙ ነው። ጨዋታው ውስጥ ውሃ የለም። ስንቅ የተሸከሙ ሴቶች፣ አህያና በቅሎም የሉም።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ሞጆም ከመሥመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በ1969 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት ዋዜማ ድልድዮቹ ሲፈነዱ መሥመሩ ተቆረጠ፤ የአገሪቱ ገቢና ወጪ በአብዛኛው በአሰብ ላይ ወደቀ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲከፈት ደግሞ አሰብ ራሱ ተዘጋ። ያ ውሳኔ በአንድ ጊዜ የጭነቱን ሁሉ አቅጣጫ ወደ ጅቡቲ አዞረው። በጦር ሜዳ የሚተኮሰውም፣ በከተማ የሚበላውም፣ በገጠር የሚዘራበት ማዳበሪያም በአንድ መንገድ ይመጣ ጀመር። በጨዋታው ቋንቋ ብንናገር ካርታው ላይ አንድ ዶክ ብቻ ቀረ፤ እርሱም በሌላ አገር ድንበር ውስጥ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከዚህ ጭንቀት የተነሣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባሕሩን ወደ አገር ማምጣት ካልተቻለ፣ የወደቡን ሥራ ማምጣት ይቻላል። ዕቃው ጅቡቲ ላይ ከመክረም ይልቅ በአንድ የጭነት ሰነድ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት እስከ ሞጆ ይደርሳል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱም እዚህ ይፈጸማል። ይህንን «መልቲሞዳል» ይሉታል። በ2004 ዓ.ም. የመርከብ ድርጅቱ፣ የማሪታይምና ትራንዚት ድርጅቱና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ ተዋሕደው አንድ የሎጂስቲክስ ድርጅት ሆኑ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጮች የተሠራው አዲሱ የባቡር መሥመር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ሞጆን ለማሳደግ የ150 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ፈቀደ። (በነገራችን ላይ፣ የ«ዜሮ አወር» የመጨረሻው ዘመቻ የሚያበቃው አሜሪካ ወደ ቤቷ ተሰብስባ፣ ቻይና ኃያል ሆና ነው። ይህን ትንቢት ነው አልልም፤ የ2003ን ፍርሃት ግን በደንብ ያሳያል።)

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልግባ። ከዘጠኙ ጄኔራሎች አንዱ ዶክተር ትራክስ ይባላል፤ ሙያው መርዝ ነው። ተጫዋቹ እርሱን ሲመርጥ መርዝ የሚረጩ ተሽከርካሪዎችን ያሰማራል። በመሬቱ ላይ ቀለም ያለው ኩሬ ይቀራል፣ በላዩ የተራመደ ይወድቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ኩሬው ይጠፋል፤ ምድሩም እንደነበረ ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ ይህን ጄኔራል እመርጥ ነበር፤ ቶሎ ያሸንፋልና።

እኛ ግን ይህ የተፈጸመብን ሕዝብ ነን። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አቅጣጫ በነበረው በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። መርዙ ሣርና ቅጠል ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ አብዛኛው ወታደራችን ደግሞ በባዶ እግሩ ነበር። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ይህንኑ ተናገሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ጨዋታው ከመውጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ቀልድ የነበረው ጫማ እዚህ ላይ ቀልድነቱን ያጣል።

ጨዋታው ይታገድ ማለቴ እንዳይደለ ልብ በሉልኝ። ጀርመን ውስጥ ወጣቶችን ይጎዳሉ ከተባሉ ሥራዎች መዝገብ ገብቶ፣ ኩባንያው ሰዎቹን በሙሉ ማሽን መሰል ፍጡር አድርጎ በሌላ ስም ዳግም አወጣው። ይህ ከሁሉም የከፋ መፍትሔ ይመስለኛል። ሰውን አወጣ። የሚሞተው ሰው መሆኑን መደበቅ ሞቱን ቀላል ያደርገዋል እንጂ አያስተካክለውም። ከማስፋፊያው የአሜሪካ ዘመቻዎች አንዱ ሶማሊያ ውስጥ የሚካሄድ ነው፤ የእኛ ቀንድም በዚህ ትልቅ ምናብ ውስጥ የተሰጠው ድርሻ የሌሎች ጦር ገብቶ የሚወጣበት ሜዳ መሆን ነው። ይህንን ተማሪ እየተጫወተ እንዲያስተውለው እንጂ እንዳያየው አልፈልግም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኩባንያው የጨዋታውንና የማስፋፊያውን የፕሮግራም ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ለቀቀ። ለእኛ ሙያ ይህ እንደ ተከፈተ ቤተ መዛግብት ነው። የጦርነት አስተሳሰብ በደንብ መልክ ተጽፎ፣ ማንም ሊያነበውና ሊለውጠው ይችላል። ሞጆ ላይ «ሰፕላይ ዶክ» ያለውን ተማሪ ለሴሚስተሩ ሥራው ምን እንደሰጠሁት ላንሣና ላብቃ። ዶኩ እንዲያው እንዳይገኝ፣ ወደቡ ከካርታው ውጭ በሌላ መንግሥት እጅ እንዲሆን፣ ወደ ዶኩም የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ሊቆረጥ የሚችል እንዲሆን አድርገህ ሥራው አልኩት። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሙከራ አሳየኝ። ሁለታችንም ተጫወትን። መንገዱ ተቆረጠ፤ ታንኮቼ ቆሙ፤ እኔም አንድ ጥይት ሳይተኮስብኝ ተሸነፍሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።