ሀብተ ፈውስ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት

«ሀብት» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ገንዘብንና ንብረትን ያመለክታል። ሥሩ ግን «ወሀበ» ማለት «ሰጠ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ሀብት አስቀድሞ ሰው የያዘው ሳይሆን ለሰው የተሰጠው ነገር ነበር። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሀብተ ፈውስ፣ ሀብተ ትንቢት፣ ሀብተ ልሳን ሲሉ ይህን የቀድሞውን ትርጕም ጠብቀው ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቦታ «ስጦታ» ማለትን መርጧል፤ በእኛ ግምት «ሀብት» ወደ ንብረት ፈጽሞ ስላዘነበለ ይሆናል። ይህ የቃል ለውጥ ትንሽ ነገር አይምሰል። የመንፈስ ስጦታ ለምን ዓላማ ተሰጠ የሚለው ክርክር ሁሉ የሚዞረው፣ የተሰጠውን ነገር የተቀበለው ሰው የራሱ ንብረት ያደርገዋልን በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እኛም ጥያቄውን በከተማችን ሰሜን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለው በኪዳነ ምሕረት ጠበል አንጻር ለመመልከት አስበናል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ55 ዓመተ እግዚእ ገደማ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው፣ በልሳን የሚናገሩት በማይናገሩት ላይ ስለ ታበዩ ነበር። መልሱም ስጦታው ለእያንዳንዱ የሚታደለው ለሁሉ ጥቅም ነው የሚል ነው፤ በምዕራፍ 14 ደግሞ መለኪያውን ከተናጋሪው ወስዶ ለሰሚው ይሰጠዋል፤ ሰሚው ካልታነጸ ንግግሩ ከንቱ ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣን ተማሪዎች በምዕራፍ 12 የተዘረዘሩትን ዘጠኙን ስጦታዎች በቃላችን እንይዛለን። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ባለው በሁለተኛው ዝርዝር ግን ከመፈወስ ስጦታ ቀጥሎ «እርዳታ» የሚል አንድ ቃል አለ፤ ሰባክያንም ሆኑ ተከራካሪዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህንኑ መልእክት ለአንጾኪያ ምእመናን ሲተረጕም፣ በጳውሎስ ጊዜ ይደረጉ የነበሩት ነገሮች በእርሱ ዘመን ስለማይደረጉ ምዕራፉ ለመረዳት እንደሚያስቸግር ተናግሯል። በአገራችን ግን ፈውስ ቀረ ያለ ሕዝብ አልነበረም። የሆነው ሌላ ነው፤ ስጦታው ከግለሰቡ ይልቅ በውሃ፣ በመስቀልና በቃል ኪዳን ላይ አረፈ። ኪዳነ ምሕረት የሚለው ስም ራሱ ይህን ያስረዳል፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጌታ ለእናቱ የሰጠው የምሕረት ቃል ኪዳን ማለት ነው፤ ዓመታዊ በዓሉም የካቲት 16 ቀን ይከበራል። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) 33ቱን የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሲያዝዙ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ምእመኑ ፈውስን የሚጠብቀው ከአንድ ባለ ጸጋ ሰው ብልሃት ሳይሆን ከተሰጠ ተስፋ ነው። አጥማቂው ካህን ቢለወጥ ቢሞትም ጠበሉ ጠበል ነው።

እንጦጦ የታወቀው ግን በመጀመሪያ በቤተ መንግሥትነቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ይሁን እንጂ ተራራው ብርዳም፣ ማገዶውም እየራቀ የሄደ ስለ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ሹማምንቱም ነጋዴውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። ቤተ መንግሥቱ ለሙቅ ውሃ ሲል ለቀቀው፤ በሽተኛው ደግሞ ለቀዝቃዛው ውሃ ሲል ይወጣዋል።

በጠበሉ ቦታ ያለው ሥርዓት ለጥያቄያችን ብዙ ይናገራል። ሱባኤ የያዘ ሰው 7፣ 14 ወይም 21 ቀን ይቈያል፤ ማለዳ በባዶ ሆዱ ጫማውን አውልቆ ይቀርባል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ በመስቀል ይባርከዋል፤ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ እምነትም ይቀባል። ክፉ መንፈስ ያደረበት የተባለው ሲጮኽና ሲለፈልፍ የሚሰማው ሰው ይበዛል፤ ጐብኚም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ከጩኸቱ ይልቅ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል እንላለን። የመጀመሪያው ስለት ነው። የዳነ ሰው ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ ወይም ገንዘብ ያገባል፤ ይህም የሚሰጠው ለታቦቱ እንጂ ለአጥማቂው አይደለም። ውሃው ራሱ ዋጋ የለውም። ሰው ተፈወስሁ ሲል «ኪዳነ ምሕረት ማረችኝ» ይላል እንጂ «አባ እገሌ ፈወሰኝ» አይልም። ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ ስጦታው የአንድ አጥማቂ ዝና መጠሪያ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሀብት ተመልሶ ንብረት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው አስታማሚ ነው። ያልተደነቀው «እርዳታ» የሚለው ቃል የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አቅም ያጣውን በጀርባ አዝሎ ዳገቱን የሚያወጣ፣ የሚንቀጠቀጠውን ይዞ የሚያስጠምቅ፣ ጀሪካን ሞልቶ የሚሸከም፣ ቈሎና ዳቦ ዘመድ ለሌለው የሚያካፍል እርሱ ነው። እናት ናት፣ ወንድም ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ታሞ የነበረና ድኖ የቀረ ሰው ነው። ጳውሎስ በአንድ ሐረግ ያኖራቸው ፈውስና እርዳታ እዚህ ተለያይተው አይገኙም፤ ያለ አስታማሚው ብዙው በሽተኛ ከውሃው አይደርስም ነበር።

በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥያቄው በሌላ መልክ ተነሣ። በአዲስ አበባ፣ በአዋሳና በሌሎች ከተሞች ያሉ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የልሳንና የትንቢት ስጦታ ለእያንዳንዱ አማኝ ነው እያሉ ይጸልዩ ጀመር። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ፤ ለመታወቅ ያቀረቡት ማመልከቻም ተቀባይነት አላገኘም። በጠበሉ ባሕልና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት ስጦታ አለ ወይስ የለም የሚል አልነበረም፤ ሁለቱም አለ ይላሉ። ልዩነቱ ስጦታው በማን ላይ ያርፋል፣ ማንስ ይመረምረዋል የሚል ነው። በዚህ ነገር የጳውሎስ ምዕራፍ 14 ለሁለቱም ወገን አይመችም፤ በጉባኤ መካከል የሚናገረውን ሌሎች እንዲመረምሩት ያዝዛልና።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን በቅርብ ዘመን መጣ። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘ ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ጠበሎች፣ ይልቁንም ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በዙሪያው ተጠልለው ተቀመጡ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ይሰጥ ሲጀመር፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ መድኃኒት መዋጥ እምነትን ማጕደል ነው ብለው አልጀመሩትም፤ የጀመሩትም ያቋረጡ ነበሩ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ኀጢአት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ አስተማሩ። ንግግራቸው ለጤና ሠራተኞች ሥራ ማቃለያ ብቻ ተደርጎ ሲጠቀስ እናያለን፤ እኛ ግን ከሥነ መለኮት አንጻርም ቢታይ ጠንካራ ነው እንላለን። ስጦታ የተሰጠው ለበሽተኛው ጥቅም ከሆነ፣ በሽተኛውን ከሌላው ስጦታ የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።

በዚያን ጊዜ የነበሩት አስታማሚዎች ክኒኑን በሰዓቱ ከማስታወስ ጋር ጀሪካኑን መሸከም እንዴት እንዳስማሙት፣ በጾም ሰዓትስ ምን ያደርጉ እንደ ነበር፣ ከራሳቸው አንደበት ተሰብስቦ ሊጻፍ ይገባዋል።